በግራ እጅ የተቋጠረች ቀን

ትሪያና፣ ከምድጃው ቤት
ከቅዱስ ሚካኤል በዓል ወዲህ በሁለተኛው ዓርብ (ዓርብ መሆኑን አጣርቻለሁ)

ይድረስ ለባለቤቴ ለቶሪቢዮ፤

ግንባርህን ስሜ፣ ትከሻህን ስሜ፣ ጆሮህን ደግሞ ትንሽ ቆንጥጬ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የምከስሰው ሕመም የለኝም። አንተ ግን ከስተሃል አሉ። የነገረኝ በቅሎ ነጂው ጊል ነው። ትናንት ከተራራው ወርዶ የገዳማችሁን አለቃ ወረቀት ሰጠኝ፤ ነገ ማለዳ ስለሚመለስ መልሱን በእሱ እጅ መላክ አለብኝ። አሁን ይኸው ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ሽንብራ በዓሣ እየበላ ነው። ሦስተኛ ሳህኑ ነው። ስለ አንተ ወሬ አውጣ ስለው በሳህን ልክ ነው የሚያወራልኝ።

እሱ እንደሚለው ከሰው አትነጋገርም። ውኃ ትቀዳለህ፣ እንጨት ትፈልጣለህ፣ ከዚያ ብቻህን ትቀመጣለህ። ዓርብን ትጾምና ቅዳሜንም ትደግመዋለህ። መነኮሳቱ እንኳ ይሄ ሰውዬ ከእኛ በለጠ እያሉ ያሙሃል አሉ። ቅዳሜን ለምን እንደምትጾም ጊል አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ይህን የሚጽፍልኝ አያ ቤርሙዶ ነው፣ የደብራችን የዕቃ ቤት ጠባቂ። እንደምታውቀው እኔ ሊጥ ላይ ከማሳርፈው የአውራ ጣቴ ምልክት በቀር ፊደል አላውቅም። የምለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። ሆኖም በሌላ ሰው ጆሮና በሌላ ሰው እጅ የሚያልፍ ደብዳቤ ነውና አንዳንዱን ሆዴ ይፍጀው። የሆነ ቦታ ላይ ዝም ያልኩ ከመሰለህ፣ ዝም ያልኩትን አንተ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። አያ ቤርሙዶ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብሎ። ባልሽ የሙከራ ዓመቱን ጨርሷል፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት ሊመነኩስ ቆርጧል ይላል። ሚስት ያለው ሰው ሚስቱ ሳትፈቅድ መመንኮስ ስለማይችል ግን ከወረቀቱ ግርጌ ምልክትሽን አድርጊበት ይላል። ምልክቱን ካደረግሁ እኔም እስክሞት ወንድ ሳላይ ልኖር ቃል ገባሁ ማለት ነው። እንግዲህ አስበው፤ ሚስት አይደለሁ፣ መበለት አይደለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሞቷል ወይስ አለ ስል ከረምኩ፣ አሁን ደግሞ በሕይወት እያለህ በገዛ ጣቴ ልቀብርህ ነው።

መልሱን እሰጣለሁ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ የምነግርህ ነገር አለኝ። ከሥሩ ጀምሬ ስለምነግርህ እንደ ልማድህ መሃል ላይ ተነሥተህ እንዳትሄድ።

የመጣህ ዕለት እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ የክት ቀሚሴን እንደለበስኩ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ቀና ስል ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው መቃኑን ይዞ ቆሟል። ለማኝ መስሎኝ ዳቦ ላመጣ ስነሣ ምድጃውን አየህና፣ "ቅዳሜ ሆኖ ምድጃው ለምን በረደ?" አልከኝ። ሦስት ዓመት ጠብቄ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። "እሑድ ነው፣ አንተ ጅል" አልኩህ፤ ከዚያ በኋላ ማልቀሴን ይሁን መሳቄን አላስታውሰውም። የባሕር ቀልድ ያመጣህ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን አልሳቅህም። ከብብትህ ያንን ረጅም ሲባጎ አወጣህና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠህ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። ምግቡ ቀርቦ ቀዘቀዘ፣ አንተ ቆጠራ ላይ ነህ።

የመርከቡ ጸሐፊ በሞተ ጊዜ ቀን መቁጠሩን ለአንተ እንደሰጡህ የነገርከኝ ያኔ ነው። የገመድ ሰው ነው፣ እጁ አይስትም ብለው። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ቋጠሮ፣ በየእሑዱ ወፈር ያለ፣ ለፋሲካ እጥፍ። ሁሉም በአንተ ቋጠሮ ጸለዩ፣ በአንተ ቋጠሮ ጾሙ። ዓለምን ዞራችሁ አገር ስትገቡ ግን ከእኛ ቁጥር አንድ ቀን ጎደላችሁ። ሐሙስ ነው ብላችሁ የበላችሁት የአሳማ ሥጋ ዓርብ የተበላ ሆነ፣ ፋሲካችሁም ሰኞ ላይ ዋለ።

የተመለሱት ጥቂት ጓደኞችህ በባዶ እግራቸው ጧፍ ይዘው ሄደው ንስሐ ገቡ። ቄሱም ቀለል ያለ ቀኖና ሰጥተው አሰናበቷቸው። ለእነሱ ነገሩ በዚያው አለቀ። አንዱ ብቻ በደጃችን ሲያልፍ ፋሲካችንን በላኸው እኮ ብሎህ ነበር፣ እሱም እየሳቀ። አንተ ግን ለሁለት ቀን ምግብ ዘጋህ።

ለአንተ ያላለቀው በወንድሜ በአንቶን ምክንያት ነው። መሞቱን ገና መቃኑ ላይ ቆመህ ሳይህ አውቄው ነበር፤ ብቻህን ነበርክ። በሦስተኛው ቀን ነው አፍህን ከፍተህ የነገርከኝ። ዳር የሌለው ባሕር ላይ ነበራችሁ፣ ውኃው ሸቶ፣ የእኔ ደረቅ ዳቦ ነቅዞ ዱቄት ሆኖ። አንቶን ድዱ አብጦ መዋጥ አቃተው፣ ከመጨረሻው ፋሲካችሁ በኋላ በአርባ ሦስተኛው ቀን ሞተ። ያልከውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ቀኗን የጣልኳት ያን ዕለት ነው፣ ኤልቪራ። ከጧት ጀምሮ እጁን ይዤ ነበር፤ መቋጠሬን አላስታውስም። አደራሽንም በላሁ፣ ቀኑንም በላሁ።"

እኔ ተነሥቼ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመርኩ። አሥራ አንድ ቀን አብረን ስንኖር ስለ አንቶን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በአሥራ ሁለተኛው ጧት ስነቃ አንተ የለህም፣ ሲባጎው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ተናደድኩ። ከባሕር የተረፈ ባል በእግሩ ወደ ተራራ ሲጠፋብኝ ምን ልሁን? ለስንት ወር ስምህ ሲነሣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ከረምኩ።

አሁን ወደ አዲሱ ነገር።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው ዳቦ ሊገዛ መጣ። በርሜል ሠሪ ነው፣ ከሰሜን አገር የመጣ ባስክ ነው፣ ስሙ ኦቾዋ፣ ድምፁ ምድጃ የሚያፈርስ። ቅርንፉድ በሚበቅልባቸው ደሴቶች ላይ ከመርከባችሁ ጋር የተለያየችው የሁለተኛዋ መርከብ ሰው ነበር። የእነሱ መርከብ ውኃ አስገብታ ቀረች፣ ፖርቱጋሎችም ይዘው ሲያንከራትቷቸው ኖሩ፤ ገና አሁን ነው የለቀቋቸው። ዳቦውን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ሚስማሩ ላይ ያለውን ሲባጎ አየና ቆመ። የማን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ያንተን ነገር ሲሰማ የገመጠውን ዳቦ ከአፉ አወጣው።

እሱም ለካ ቆጣሪ ነበር። ለመርከቡ ሳይሆን ለራሱ፣ ሚስቱ የምትወልድበትን ወር አስልቶ ስለነበር። በበርሜል ሣንቃ ላይ በየቀኑ በካራ ይጭር ነበር። ፖርቱጋሎቹ እጅ ሲወድቅ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው ሲል፣ ሐሙስ ነው ይሉታል፤ ረቡዕ ነው ብሎ ድርቅ ሲል በጥፊ ሐሙስ አደረጉት። ያን ጊዜ እሱም እንዳንተ ራሱን ሊበላ ደርሶ ነበር። "ግን እመቤቴ፣ እኔ አንድም ቀን አልዘለልኩም" አለኝ። "ሰክሬ ጭሬያለሁ፣ አሞኝ ጭሬያለሁ፣ ሲገርፉኝ የዋሉበትን ቀን እንኳ ማታ ጭሬያለሁ። ሁለት ሰው በሁለት መርከብ ላይ እኩል አንድ ቀን አይረሳም።"

ይህን እንደሰማሁ አያ ቤርሙዶን ካቴድራሉ ድረስ ሰድጄ አንድ ሊቅ አስጠየቅሁ። ሊቁ ስለ ፀሐይና ስለ ምድር ክብነት ከቁርስ እስከ ምሳ ነገሩት፤ አያ ቤርሙዶ ራሱን አሞት ተመለሰ። ማንም አልረሳም፣ ነገሩ በፀሐይ ነው ብለዋል ብቻ አለኝ። እንዴት በፀሐይ ስለው፣ እሱን ነው ያልያዝኩት አለ። ይህን ሲጽፍ አሁን ፈገግ ብሏል።

እኔ የገባኝ ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ገበታዬ ላይ። ከአንድ ቡኮ መቶ ድቡልቡል እንደማወጣ ታውቃለህ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጎደለብኝም። ማክሰኞ ዕለት ግን ስለ አንተ እያሰብኩ ሳድቦለብል እጄ ከብዶ ኖሯል፣ ስቆጥር ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። ገበታው ሥር አየሁ፣ ድመቷን ጠረጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ዘጠና ዘጠኝ። ከዚያ አንዱን አንሥቼ በእጄ ብመዝነው ወፈር ብሏል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወፍረዋል። መቶኛው የትም አልሄደም፤ በዘጠና ዘጠኙ ውስጥ ተካፍሎ ገብቷል። ቡኮው ያው ነው፣ ከሊጡ ጥፍር የምታህል አልጠፋችም።

ቶሪቢዮ፣ እናንተም እንዲሁ ናችሁ። ፀሐይ ወደምትጠልቅበት እየሄዳችሁ ስትከተሏት በየቀኑ ትንሽ ትቆይላችሁ ነበር። እኛ ዘንድ ከጠለቀች በኋላ እናንተ ዘንድ ጥቂት ታበራለች። የእናንተ እያንዳንዱ ቀን ከእኛ ቀን ትንሽ ወፈር ያለ ነበር። ምድርን ዞራችሁ ስትጨርሱ የጎደለችው ቀን አልጠፋችም፣ ስትኖሩባት ነው ያለቀችው። በሊጥ እጄ አያ ቤርሙዶ ዘንድ ሮጬ ነገርኩት። "ሊቁም ያሉት ይሄንኑ ነው" አለኝ። "ዳቦ ብለው ቢጀምሩ ኖሮ እኔም ይገባኝ ነበር።"

አንተን ስለማውቅህ በዚህ ብቻ አትረካም። ደህና፣ የሌላው ሰው ሁሉ እውነት ይሁን፣ እኔ ግን የአንቶንን ቀን ጥያለሁ ትላለህ። ስለዚህ ትናንት ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ሲባጎውን ከሚስማሩ አወረድኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በጨው የደረቀ ሲባጎ ነው፣ ጣት ያቆስላል። ገበታው ላይ ዘርግተን የመጨረሻውን የፋሲካ እጥፍ ቋጠሮ ፈለግን። ከዚያ እኔ በጣቴ እያለፍኩ፣ አያ ቤርሙዶ ጮክ ብሎ እየቆጠረ፣ አርባ ሦስት ደረስን።

ቋጠሮዋ አለች።

ደግመን ቆጠርን፣ አለች። እኔ ደግሞ የአንተን ቋጠሮ ከሺህ ቋጠሮ መሃል እለየዋለሁ፤ ከመሄድህ በፊት ስንት ዓመት ጆንያዬን ስታስርልኝ ኖረሃል። ጫፉ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚወጣው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎው ላይ ሁሉም ወደ ቀኝ ናቸው። ያቺ አንዷ ብቻ ወደ ግራ ናት። ላላ ያለች ናት፣ አጠገቧም ሲባጎው ተነክሷል። በግራ እጅህና በጥርስህ ነው የቋጠርካት። ቀኝ እጅህ ምን ይዞ እንደነበር አልጠይቅህም።

አያ ቤርሙዶ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ያይ ጀመር። እኔ ሲባጎውን ይዤ ብዙ አለቀስኩ። ወንድሜ በሞተ በዓመት ከመንፈቁ ገና አሁን በወጉ አለቀስኩለት። ከዚያ የታሰበኝን ልንገርህ፤ የአንቶንም ቀኖች ትንሽ ትንሽ ወፍረው ነበር። ትሪያና ቢቀር ኖሮ የማያገኛት ጥቂት ብርሃን በየማታው ተጨምሮለታል። ጥቂት ናት። እኔ ግን እሷንም አልንቅም።

አሁን ለመናገር የሚከብደኝን ልናገር። መርከቧ ገመዷን ስትፈታ ወደቡ ላይ ያልኩህን ቃል አንተም አልረሳኸው፣ እኔም አልረሳሁት። ያለ አንቶን ብትመጣ ፊትህን እንዳላይ ነው ያልኩህ። ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ እሱ ከመርከቧ ላይ እየሳቀብኝ። አንተ ለአንድ የጠፋች ቀን ብለህ አይደለም ተራራ የወጣኸው። ያለ አንቶን መጣህ፣ ፊትህን ከፊቴ አነሣህ። እንዳልኩህ አደረግህ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቃሌን እስካነሣልህ ጠበቅኸኝ፣ እኔ እንጨት ስጨምር ከረምኩ።

እንግዲህ አንሥቼዋለሁ። አያ ቤርሙዶ እዚህ ላይ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣና፣ "ይሄን ልጻፈው?" አለኝ። "ጻፈው" አልኩት። ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ። ጥርስ የሌለውን ፊትህን።

ስለ አያ ቤርሙዶ ደግሞ ከሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ስማ። አንተ ባሕር ላይ ሳለህ ሦስት ክረምት ማገዶ ያመጣልኝ እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ማገዶውን ለምን እንደሚያመጣ ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። አንተ ከመጣህ ወዲህ ማምጣቱን ተወ፤ ከሄድክ በኋላም አልጀመረም። ይህን ሁሉም ሳይጨምር ሳይቀንስ ጽፎልኛል። ስትመጣ መጀመሪያ የምታመሰግነው እሱን ነው።

የቤቱ ወሬ ይኸውልህ። የምድጃው ቅስት ተሰንጥቋል፣ በጭቃ ደፍኜዋለሁ፣ ክረምቱን አይወጣም። ለጸደይ ወደ ባሕር ለሚወርዱት መርከቦች ደረቅ ዳቦ ጋግሪ ብለውኛል። ጆንያውን የሚያስርልኝ ጎረምሳ አግኝቼ ነበር፤ እሱ ያሰረው ጆንያ ከደጅ ሳይወጣ ይፈታል። ጊል ነገ ሲወጣ ሁለተኛዋን በቅሎ ባዶዋን እንዲወስድ ነግሬዋለሁ። ባዶዋን እንዳያመጣት። በሲባጎው ቁጥር ዓርብ ነው እያልክ ቅዳሜን መጾሙን ተወው፤ አንድ ዓርብ ለአንድ ሰው ይበቃዋል።

ሲባጎውን አልላክሁልህም። ሚስማሩ ላይ መልሼዋለሁ፣ አርባ ሦስተኛዋ ላይ ቀይ ክር አስሬባታለሁ። ማየት ከፈለግህ ና።

መንገድህን ጻድቃን ይምሩልህ። የበቅሎዋ እግር አይሰናከል፣ ዝናቡም በራችን እስክትደርስ ይጠብቅህ። አንቶንን የተቀበለች ያቺ ውኃ ቀለል ትበለው። አንተን ግን መልሳ ሰጥታኛለችና ሁለተኛ ለማንም አልሰጥህም።

የገዳሙ አለቃ በተባለው ቦታ ምልክቴን ቢፈልጉ ስለማያገኙት አደራህን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ወረቀት እዚህ ሰፈር እንደልብ አይገኝም፤ የእሳቸው ወረቀት ደግሞ ሰፊ ነበር፣ ጀርባውም ንጹሕ። አያ ቤርሙዶ ፊደሉን አሳንሶ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ይህን ሁሉ የጻፈልኝ እዚያው ላይ ነው። ግርጌው ላይ ለምልክት የሚሆን ቦታ ተርፎታል። እኔም እዚህ ላይ አሳርፌዋለሁ፣ በዚህኛው ገጽ፣ ሊጡ ገና ከጣቴ ሳይለቅ።

ሚስትህ ኤልቪራ
(የአውራ ጣት ምልክት)